የብቸና ሃምሳ እና የእንግሊዝ ሃምሳ

ሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ እኔ ስድሳ ስድስት ዓመቴ። ከብቸና የወጣሁት ጎሕ ሳይቀድ በአውቶቡስ ነው። ባለቤቴ እንጉዳይ የበሶውን ከረጢት በመስኮት አቀበለችኝና «ሹፌሩን ቀስ በል በለው» አለችኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከብቸና ሞጣ፣ ከሞጣ ብቸና አይሱዙ ስነዳ ለእኔ ስትለው የኖረችውን ነው ለሰው የላከችው። ጋቢና ከጎኔ ስትቀመጥ አርባ ላይ ከሄድኩ እንቅልፍ ይወስዳታል። ሃምሳ ስገባ፣ ዓይኗን እንኳ ሳትገልጥ፣ «ማን አባረረህ?» ትለኛለች። እንዴት እንደምታውቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እንግሊዝ አገር ያለችው ልጃችን የሻረግ ለሁለታችንም ወረቀት አስገብታ ነበር። የኔ ወጣ፣ የእንጉዳይ «በሂደት ላይ ነው» ተባለ። ይህን ስጽፍም በሂደት ላይ ነው።

አየር ማረፊያው ላይ አንዱ መስታወት ውስጥ የተቀመጠ ሰውዬ በስልክ አስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ለምን መጡ?»

«ልጄ ልትወልድ ነው።»

«ሐኪም ነዎት?»

«ሹፌር ነኝ።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉላት?»

«ያዘዘችኝን።»

ይሄኔ ማኅተሙን መታልኝ። እዚያ አገር ሳልዋሽ ያለፍኩበት በር እሱ ነው ብል ሌላውን በር ማማት ይሆንብኛል፤ ይቅር።

ኑሮው እንዲህ ነው ወገኖቼ። ዝናቡ ነጎድጓድ የለውም፤ እንደ እኛ ሐምሌ አስጠንቅቆ አይመጣም፣ ዝም ብሎ ሲያካፋ ይውላል። እርጎው ውስጥ ስኳር ይጨምሩበታል። ጎረቤቴ «ሃሎ» ይልና ያልፋል፤ እንዴት አደርክ የለ፣ ቤተሰብ የለ፣ ከብት የለ። መጀመሪያ ሰሞን ጉዳይ ያጣደፈው መስሎኝ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ጉዳይ አያጣድፍም።

የሻረግ ሴት ልጅ ወለደች። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንደምትነሳ የማያውቅ ያገሬ ሰው የለም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ያለው ግን ሌላ ከተማ ነው፤ የሻረግ መንዳት አትችልም፣ ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በዋዜማው ባሕሩ ተናውጦ መርከቡ አልሻገርም አለና እሱ ከነመኪናው ወዲያ ማዶ ቀረ። የቤት መኪናቸው ኢንሹራንስ ላይ ስሜን ቀድሞ አስገብቶልኝ ነበር፣ የአገር ቤት መንጃ ፈቃዴም ለጊዜው እንደሚያገለግል ተነግሮኛል። «እኔ እነዳለሁ» አልኩ።

«አባ፣ እዚህ እኮ መንገዱ በግራ ነው» አለች የሻረግ።

«በግራ እነዳለኋ። ርቀቱ ስንት ነው?»

«አርባ።»

አርባ ኪሎ ሜትር በሃምሳ ፍጥነት ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ቄሱ አንድ ሰዓት ላይ ብለውናል፤ እንጉዳይ ደግሞ የልጅቱን የክርስትና ስም ልትሰማ ብቸና ደብሩ በር ላይ ስልክ ይዛ ትጠብቃለች። አንድ ሰዓት ያዝኩ፣ ጎማ ቢፈነዳ ብዬ አሥር ደቂቃ ጨመርኩ። ለአሥራ ሁለት አሥር ጉዳይ ላይ ሕፃኗን ከኋላ ወንበር አስረን፣ የሻረግም ከጎኗ ተቀምጣ ወጣን።

የመንገዱ ሰሌዳ ሃምሳ ይላል። እኔም የቆጣሪውን መርፌ ሃምሳ ላይ አድርጌ ንቅንቅ አላልኩም። ከኋላችን መኪና ተሰለፈ። አንዱ ጡሩምባ ነፋ፣ አንዷ ስታልፍ ጣቷን አሳየችኝ።

«አባ፣ ሰው እየተቆጣ ነው።»

«ይቆጣ። ሃምሳ ተብሏል፣ ሃምሳ ላይ ነኝ። እነሱ ራሳቸው የጻፉትን አያነቡም እንዴ?»

ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ከሄድን በኋላ ሰሌዳው «ሃያ ይቀራል» አለ። ሃያ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ! ሰዓቴ አብዷል ብዬ በጣቴ ስመታው ፖሊስ ከኋላዬ መብራት አበራ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ጺሙ ገና ያልጠነከረ ጎረምሳ ነው። የሻረግ ታስተረጉማለች።

«አባት፣ መኪናው ተበላሽቷል?»

«አልተበላሸም።»

«እርስዎስ፣ አሞዎታል?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ ደህና ነህ? ቤተሰብ?»

ይህን የሻረግ ሳትተረጉም ዋጠችው።

«ታዲያ ለምን በሠላሳ አንድ ይነዳሉ?»

«ይሄ ልጅ ቁጥር አልተማረም ወይ በይው። ሃምሳ ላይ ነበርኩ።»

በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ ቆጣሪውን አሳየኝ። ሁለት ረድፍ ቁጥር አለው፤ ከውጭ ትልልቁ፣ ከውስጥ ትንንሹ። እኔ የማነበው ትንንሹን ነበር። የሞተሩ ድምፅ ጆሮዬ ከሚያውቀው ሃምሳ ጋር የሚስማማው በእሱ ነዋ።

«ትንንሹ የእናንተ ኪሎ ሜትር ነው» አለኝ። «ሰሌዳው ላይ የምንጽፈው የእኛ ማይል ነው። አምስት የእኛ ስምንት የእናንተ ይሆናል።»

የሻረግ ልታብራራልኝ ስትጀምር አስቆምኳት። የሞጣ ገበያ ቁና ከብቸናው ይሰፋ ነበር። ሞጣ አምስት ቁና የጫነ ነጋዴ ብቸና ሲሰፍረው ከአምስት ይበልጥለታል፤ እህሉ መኪናዬ ላይ ስላልበዛ ነገሩ የቁናው ነው። ስንቱን ነጋዴ ሲጣላበት ሰምቻለሁ። እኔ ታዲያ በሞጣ ቁና የተለካውን መንገድ በብቸና ቁና ስሰፍር ነበር የዋልኩት።

በጣቴ ቆጠርኩ። የቀረው ሃያ ማይል አራት ጊዜ አምስት ነው፤ አራት ጊዜ ስምንት ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሜትር። የቀረን ጊዜ ሠላሳ ሁለት ደቂቃ የነበረው ቆመን ስናወራ ሃያ አራት ሆኗል። የእነሱ ሃምሳ አሥር ጊዜ አምስት ነው፤ አሥር ጊዜ ስምንት ሰማንያ። በሰማንያ ካልሄድኩ የልጅቱ ሰማንያ ቀን አለፈ ማለት ነው። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ስነዳ ስድሳን ያለፍኩት አንድ ቀን ነው፤ እሱንም ፍሬን እምቢ ብሎኝ።

«ወይ እንደ ሰው ይንዱ፣ ወይ መኪናውን እዚህ ትተው ይሂዱ» አለ ፖሊሱ።

«እንደ ሰው ነው የነዳሁት፤ አሁን እንደ እናንተ እነዳለሁ በይው።»

የሻረግ ምን እንዳለችው አላውቅም፣ ስቆ መንጃ ፈቃዴን መለሰልኝ።

ስድሳን ሳልፍ መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሰባ ላይ የጎን ወንበሩን አየሁ፤ ባዶ ነው። «ማን አባረረህ?» የሚለኝ የለም። ሰማንያ ገባሁ። ሕፃኗ ከኋላ ሳትነቃ እስክንደርስ ተኛች፤ ሴት አያቷን አልወጣችም።

ቄሱ ውኃውን ባርከው ቀና ሲሉ በበሩ ገባን። ወለተ ማርያም ተባለች። ወዲያው ብቸና ደወልኩ።

«ወለተ ማርያም» አልኳት።

እልል አለች። ከጎኗ ያሉት ሴቶችም ተቀበሏት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ስንት ላይ ነዳህ?» አለችኝ።

«ሃምሳ።»

«ሕፃን ይዘህ? አርባ አይበቃህም ነበር?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

«ለመሆኑ እኔ ካለሁበት እዚያ ስንት ይሆናል?»

«በሁለት ዓይነት ይቆጥሩታል እዚህ። በየትኛው ልንገርሽ?»

«በሚያንሰው ንገረኝ» አለች።

በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ስልኩም ተቋረጠ።

በማግስቱ ጧት፣ የሻረግ ሳትነሳ፣ የቁስል ፕላስተር በመቀስ በጣጥሼ ወደ መኪናው ወረድኩ። ከቆጣሪው መስታወት ላይ ትንንሾቹን ቁጥሮች አንድ በአንድ ሸፈንኳቸው። የእንጉዳይን አርባ ብቻ ሳልሸፍን ተውኩት።