ዓሣ የሆንኩበት ክፍለ ጊዜ

ዓሣውን አስጸድቼ ሄድኩ። ሰው በዕድሜው ብዙ ሞኝነት ይሠራል፤ እኔ ደግሞ ከድርሻዬ በላይ ሠርቻለሁ። እንደዚያ ቀኑ ያለ፣ በሎሚና በሚጥሚጣ የታጀበ ሞኝነት ግን ሁለተኛ አልወጣኝም።

አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ደርግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ከተማችንንም ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። የሳይንስ መምህራችን ከማሠልጠኛ ከወጣች ዓመት ያልሞላት ወጣት ነበረች። ፊት ለፊቷ እትዬና አንቱ ነበር የምንላት፤ ዛሬ ሳሰላው ያኔ ከመጨረሻ ልጄ ታንስ ነበርና በዚህ ጽሑፍ አንቱታውን ብተወው ትቀየመኛለች ብዬ አልሰጋም።

እትዬ አትማታም ነበር። ይህ በትምህርት ቤታችን የሚወራ ነገር ነው። ባለ ቀለም ጠመኔ ከየት እንደምታመጣ እንጃ፣ የላም ሆድ ስትሥል እኔ እንኳን ዝም እል ነበር። ያስቸገረውን ልጅ ከመግረፍ ይልቅ ወደ ፊት አውጥታ ታስተምርበታለች። እኔ ከመቀመጫዬ ይልቅ ሰሌዳው አጠገብ የቆምኩበት ጊዜ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ረቡዕ ጠመኔዋን አስቀመጠችና ነገሩን ሳትደብቅ ነገረችን። በማግሥቱ ከአውራጃ ትምህርት ቢሮ ሱፐርቫይዘር መጥቶ ከኋላ ይቀመጣል። እሷ ገና በሙከራ ላይ ናት። ትምህርቷን ከወደደው ቋሚ ሆና እኛው ዘንድ ትቀራለች፤ ካልወደደው መኪና የማይገባበት ደጋ ያለ ትምህርት ቤት ይልኳታል። ያልነገረችንን እኛ ራሳችን እናውቀው ነበር፦ እሷ ከሄደች የሚተኳት የከሰዓት ፈረቃው መምህር ናቸው፤ እኚህ ሰው ደግሞ ሳይንስን የሚያስተምሩት በጎማ አለንጋ ነው።

የነገው ትምህርት ስለ ዓሣ ነበር። ሥዕል አይበቃም፣ እውነተኛ ዓሣ እንይ አለች። ማን ያመጣል? ስትል የኔ እጅ ጥያቄው ሳያልቅ ወጣ። ዓሣ አጥማጆቹ ሁሉ ያውቁኛል ብዬ ፎከርኩ። ማወቁንስ ያውቁኛል፤ መረባቸውን ስለምረግጥባቸው ነው። ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ እጇን ግማሽ ድረስ አንሥታ የኔን ፉከራ ስትሰማ መልሳ አወረደችው። የሲዳማ ልጅ ናት፤ በአማርኛ ቁጥብ፣ በምላሷ ግን ስል ነበረች። «ብቻ እንዳትበላው» አለችኝ።

በማግሥቱ ማለዳ ሐይቁ ዳር ተገኘሁ። አንዱ አጥማጅ ሁለተኛ መረቡ አጠገብ ላልደርስ አስምሎኝ አንድ ወፍራም ቆሮሶ ዓሣ ሰጠኝ። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ።

እናቴ ከጎረቤት የተዋሰችውን ሳህን ሳታጥብ መልሳ አታውቅም። ለተከበረ ሰው የሚሄድ ነገር ሁሉ ጽዱ መሆን አለበት ስትል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እኔም ያንን ጭቃና ሽታ ያለበትን ፍጡር አየሁትና፣ ይህንን ለእትዬ፣ ያውም በእንግዳ ፊት? ብዬ አፈርኩ። ሐይቁ ዳር ቢላ ይዘው ዓሣ የሚያጸዱ ልጆች አሉ። ለአንዱ ሰጠሁትና በደንብ አድርገህ አልኩት። በደንብ አደረገው። ቆዳውን ገፈፈ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለየ፣ የቀረውን ወረወረ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጡ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ቀብረው የሚቆሙት ትልልቅ አሞሮች፣ መሬት ሳይነካ ተቀበሉት። ልጁ የሐይቁ ዳር ደንብ ነውና ሎሚና ሚጥሚጣ ጨመረልኝ። በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ በፒያሳ በኩል ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ላየኝ ሰው ለሹመት የተጠራሁ ነበር የምመስለው።

ሱፐርቫይዘሩ ካኪ የለበሱ፣ ረዥም ሰው ነበሩ። የኋላው አግዳሚ ስለጠበባቸው ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ደርሷል። እትዬ ሰሌዳው ላይ «የዓሣ የአካል ክፍሎች» ብላ ጽፋ ከሥሩ ደርድራለች፦ ራስ፣ ስንጥብ፣ ቅርፊት፣ ክንፍ፣ ጅራት። ስንጥብ ማለት ዓሣ የሚተነፍስበት ነው፤ ይህንን ዛሬ ስለማውቅ አይግረማችሁ፣ የተማርኩበትን መንገድ ትሰማላችሁ።

ዓሣው ይምጣ ስትል ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቅጠሉን ገለጥኩት።

ሁለት ቁራጭ ነጭ ሥጋ። ሰሌዳው ላይ ከተጻፉት አንዱም የለበትም።

እትዬ አየችው። ጠመኔው እጇ ላይ ቀረ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ራሱስ?» አለችኝ።

«አባ ኮዳ በላው፣ እትዬ።»

«ጅራቱስ?»

«እሱንም።»

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ደጋው፣ መኪና የማይገባበት መንገድ፣ የመምህሩ ጎማ፣ ሁሉም ባንዴ ታየኝ። ላጽናናት ፈለግኩና ያለኝን ሁሉ ሰጠኋት፤ «ሎሚ አለው» አልኳት።

ከኋላ ሱፐርቫይዘሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እትዬ ዓሣውን አየች፣ እኔን አየች፣ ደግማ ዓሣውን አየች። ምን እንዳሰበች ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል። ወንበሯን ስባ ሰሌዳው ሥር አቆመችና፣ ና ውጣ አለችኝ። ወጣሁ። ወደ ክፍሉ ዞረች።

«የዛሬው ዓሣችን ይኸው» አለች። «ምን ይጎድለዋል?»

ለካ ብዙ ነገር ይጎድለኝ ኖሯል። መጀመሪያ ተራ በተራ እያፈሩ፣ ኋላ እየተጋፉ እየወጡ ሠሩኝ። በሁለት ብብቴ የደብተር ልባስ ሰክተው ክንፍ አወጡልኝ። የአንዱ ሹራብ ከወገቤ በስተኋላ ታስሮ ጅራት ሆነ። ለሒሳብ መቁጠሪያ በገመድ የሰካነው የለስላሳ ቆርኪ ከአንገቴ እስከ ሆዴ ተጠመጠመና፣ እትዬ ቅርፊት እንዲህ አንዱ ባንዱ ላይ እንደሚደራረብ አሳየችበት። ራስ አለው ወይ? ብላ ስትጠይቅ ከመሀል አንዱ፣ ለጊዜው አለው እንበል አለ።

ስንጥብ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ምን እንደሚመስል እንኳን እኔ፣ ከደብተራቸው የማይለዩትም ልጆች አያውቁም። ያን ጊዜ የጎኔ ልጅ ተነሣች። ከሹሩባዋ ውስጥ ቀይ ሚዶዋን መዘዘች፤ አባቷ ገበያ ወጥቶ ያመጣላት፣ እንኳን ልታውሰው ሲነኩባት የማትወድ ሚዶ ነው። ጆሮዬ ሥር አስደግፋ ያዘችውና ለክፍሉ፣ ስንጥብ እንዲህ ቀይ ነው፣ እንዲህ ጥርስ ጥርስ አለው፣ ውኃው በጥርሱ መሀል ሲያልፍ ነው የሚተነፍሰው ብላ አስረዳች። ከዚያ እኔው እንድይዘው ሰጥታኝ ጠጋ አለችና፣ «ከሰበርከው ወዮልህ» አለችኝ፤ ይህ እንኳን ለክፍሉ አልነበረም።

ሱፐርቫይዘሩ ከአግዳሚው ጋር ታግለው ተነሡ። መሀል መተላለፊያው ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ፈገግታ በሌለው ፊት ጠየቁ፦ «ጓድ ዓሣ ከውኃ ሲወጣ የሚሞተው ለምንድን ነው?»

የብዙ ልጅ እጅ ወጣ። ዝም ብዬ ብቆም ኖሮ ሁሉም ባማረ ነበር። እኔ ግን ጓድ ዓሣ የተባልኩት እኔ ስለሆንኩ መልሱም ከኔ የሚጠበቅ መሰለኝ። ዓሣ ደግሞ አይናገርም። ስለዚህ በተግባር ላሳይ ብዬ አፌንም አፍንጫዬንም ዘጋሁና ትንፋሼን ያዝኩ። ዓይኔን አፈጠጥኩ። ክንፌን አርገፈገፍኩ። ጨዋታው እየጣመኝ ሄዶ ወንበሩ ላይ መሆኔን ረሳሁት። ከነክንፌ፣ ከነቅርፊቴ፣ ከነጅራቴ ወርጄ ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። ከሥሬ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ አጥንቴ በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

ሱፐርቫይዘሩ ደንግጠው ወደኔ ሮጡ፤ ልጁን ምን ነካው? አሉ።

የጎኔ ልጅ ከመቀመጫዋ ንቅንቅ ሳትል መለሰችላቸው። «ምንም አልሆነም፤ ማስመሰል ልማዱ ነው። ሚዶዬን ግን ሰብሮታል።»

እትዬ ጊዜ አላባከነችም። እኔ እንደተዘረርኩ በጠመኔዋ ወደኔ እያመለከተች፣ ታዲያ ይህ ዓሣ ለምን ሞተ? ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ባንድ ድምፅ፣ ስንጥቡ ውኃ ስላጣ ነው አለ። ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ የተቀመጡትን፣ ተጠይቀው የማያውቁትን ሁሉ እየመረጡ ጠየቁ፤ ክንፉ ለምኑ ነው፣ ቅርፊቱስ? ሁሉም መለሱ። የዚያን ቀን ትምህርት ያመለጠው ሰው ቢኖር፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሞተው እኔ ብቻ ነኝ።

በዕረፍት ሰዓት የመምህራኑ ክፍል ውስጥ እጅ ማስታጠብ ለኔ ተሰጠኝ። ያ የእንሰት ቅጠል ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። እትዬ ሐይቁ ዳር እንደሚደረገው ጥሬውን፣ በሎሚና በሚጥሚጣ ስታቀርብላቸው፣ ሱፐርቫይዘሩ የደጋ ሰው ናቸውና ጥሬ ዓሣ አይቼም አላውቅ ብለው ጥቂት አንገራገሩ። ከዚያ አንድ ቀመሱ። ከዚያ ቅጠሉን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ሊሄዱ በሩ ላይ ሲደርሱ፣ የማስታጠቢያውን ጣሳ ይዤ ወደቆምኩት ወደኔ እየተመለከቱ ለእትዬ እንዲህ አሏት፦ «መርጃ መሣሪያሽ ጥሩ ነው። ትንሽ ይወራጫል እንጂ።»

እትዬ ቋሚ ሆነች። አምስተኛም ስድስተኛም እሷው አስተማረችን፤ የመምህሩ ጎማም ከሰዓት ፈረቃው ሳይወጣ ቀረ።

ያኔ በየዓርቡ በክፍላችን ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ነበር፤ ተማሪው ተነሥቶ የራሱን ጥፋት ይናገራል፣ የቀረው ደግሞ ይጨምርለታል። ጥፋቴን በመናገር የሚቀድመኝ አልነበረም፤ ይኸው እስከ ዛሬም አልተውኩትም። ዓሣ በሆንኩ ማግሥት ዓርብ ነበርና ተነሥቼ፣ ዓሣውን በማስጸዳቴ፣ ከወንበር በመውደቄ ራሴን ነቀፍኩ። ልቀመጥ ስል የጎኔ ልጅ እጇን አወጣች። በዚህኛው ጊዜ ግማሽ ድረስ አልነበረም። ሚዶዬስ? አለች። በክፍሉ ፊት፣ በሚመጣው ሳምንት እተካለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ያ ሳምንት እንግዲህ ረዘመ። ዛሬ እሷም አያት ሆናለች፤ ታቦር ተራራ ግርጌ ሱቅ አላት። በቀደም ገባሁና ከተሰቀሉት መሀል አንድ ቀይ ሚዶ አወረድኩ። ከሚዶው ወደ መላጣዬ፣ ከመላጣዬ ወደ ሚዶው ተመለከተች።

«ለማን ነው?»

«ላንቺ ነዋ። የዚያኔው።»

«ከኔው ሱቅ ወስደህ ለኔው?» ብላ ከእጄ ተቀብላ ቦታው ሰቀለችው። «ሂድ ፈልገህ አምጣ። ለራስህ ከሆነ ፎጣ እዚያ ጋ አለ።»

ፎጣውን ገዝቼ ወጣሁ። ሚዶው ዛሬም አለብኝ።