ሙንተሲር ወደ ግራ ሲሸሽ

ነዋፍ ኢርቢድ ከተማ ውስጥ መኪና መንዳት ያስተምር ነበር። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻ ተማሪውን ሸኝቶ በቀጥታ የሚያመራው ዩኒቨርሲቲው መንገድ ላይ ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ነው። የልጅነት ጓደኛው ሙንተሲር ከዳቦ ቤት ሥራው ወጥቶ፣ ዱቄቱን ከቅንድቡ ሳያራግፍ፣ እዚያ ይጠብቀዋል።

የሚጫወቱት አምስት ለአምስት የሚጋጠሙበትን የውጊያ ጌም ነው። ሁለቱም አስማተኛ መሆን ይወዳሉ፤ ስለዚህ በተቃራኒ ቡድን ሆነው ይገጥማሉ። የአስማተኛ ሙያው ውርወራ ነው፤ መብረቁ አንዴ ከእጁ ከወጣ ቀጥ ብሎ ይበርራል፣ ባላጋራው አንድ እርምጃ ዘወር ካለ አየር መትቶ ይቀራል። ነዋፍም ሁለት ዓመት ሙሉ አየር ሲመታ ኖረ። የቤቱ ባለቤት አቡ ረዓድ፣ "የነዋፍ መብረቅ እንኳን ሰው ሊገድል ዝናብም አያመጣ!" እያሉ ያስቁበት ነበር።

እልህ ያዘው። በጌሙ የልምምድ ሜዳ ላይ ብቻውን እየገባ የቆመ ነገር መምታት ለመደ፤ የሚንቀሳቀስ ሰው ግን አሁንም ያመልጠዋል። አንድ ቀን ታዲያ አንዲት ተማሪው ድመት ዘልላ ስትገባባት መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘች። በማግስቱ ኳስ ሲንከባለልባት አሁንም ወደ ቀኝ። ነዋፍ ፍሬኑን ረግጦ እያለ አንድ ነገር በራለት፤ ሰው ሲደነግጥ የሚሸሽበትን አቅጣጫ አይመርጥም፣ አመሉ ነው የሚመራው።

የዚያን ዕለት መወርወሩን ትቶ ሙንተሲርን ሲያጠና አመሸ። ሙንተሲር ወደ ግራ ነበር የሚሸሸው። ሁልጊዜ ወደ ግራ። ነዋፍ መብረቁን ሰው በሌለበት ባዶ መሬት ላይ ወረወረ፤ ጓደኛው በገዛ እግሩ መጥቶ ገባበት።

"አንተ ሰውዬ፣ እንዴት ነው የምታገኘኝ?" አለ ሙንተሲር።

"ዕድል ነው ወንድሜ።"

እውነቱን መናገር ምን ነበረበት? ነገር ግን በወሩ መጨረሻ አቡ ረዓድ ወደ ዋና ከተማዋ አማን ለውድድር ለሚልኩት ቡድን አንድ አስማተኛ ሊመርጡ ነበር፤ ዕጩዎቹም ሁለቱ ነበሩ።

ሙንተሲር ደጋግሞ ጠየቀ፣ ነዋፍም ደጋግሞ ዋሸ። በመጨረሻ ሙንተሲር ምክንያቱን ራሱ አገኘሁ አለ። "ዓይኔ ነው። ስንት ዓመት እሳት ፊት ቆሜ! ምድጃው በልቶታል።" ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ይህን ያህል አያሰጋም ቢለውም እሱ ጥቁር ክፈፍ ያለው ወፍራም መነጽር አሠርቶ መጣ።

"አሁን እንተያያለን!" አለ እየሳቀ።

"ያምርብሃል" አለ ነዋፍ። አንገቱን ግን ቀና አላደረገም። የዚያን ቀን ሆን ብሎ ሁለት ጊዜ ሳተው። ሙንተሲር ከወንበሩ ዘልሎ ተነሳ፤ "አየህ? መነጽሩ እኮ ነው!" ነዋፍ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

በምርጫው ቀን ግን አልሳተም። ሦስት ለባዶ አሸነፈ። ሙንተሲር መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተና ሁለቱን ጉንጮቹን ሳመው። "አንተ ትሻላለህ፣ ማሻአላህ።" አቡ ረዓድ ሻይ አመጡ፤ ነዋፍ ብርጭቆውን ሳይነካው ወጣ።

አማን ላይ ቡድናቸው በሁለተኛው ግጥሚያ ወደቀ። ነዋፍ የእነዚያን ባላጋራዎች አመል ከየት ያውቀዋል? መብረቁ ሁሉ አየር መታ። ሊያበረታታው አብሮ የሄደው ሙንተሲር ከኋላ ሆኖ "አይዞህ!" እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸለት።

ሲመለሱ አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

"ሙንተሲር፣ ዓይንህ ምንም አልሆነም።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ስትደነግጥ ወደ ግራ ነው የምትሸሸው። ከረመዳን በፊት ጀምሮ አውቀዋለሁ። እዚያ ነበር የምወረውረው።"



"ሦስት ጊዜ ጠይቄሃለሁ።"

"አራት ጊዜ።"

"እናቴ ሌሊት እየተነሳች ትጸልይልኝ ነበር። ልጄ ሊታወር ነው ብላ።" ተነሥቶ ከሾፌሩ ኋላ ሄዶ ተቀመጠ።

ሁለት ሳምንት አልተያዩም። ከዚያ ነዋፍ ዳቦ ቤቱ ሄዶ ሰልፍ ያዘ። ተራው ሲደርስ ሙንተሲር እንደማንኛውም ገዢ፣ "ስንት ይሁን?" አለው።

"ለአቡ ረዓድ ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ። አስማተኛው አንተ ነህ። ከፈቀድህ ደግሞ ይህን አመል አስተውሃለሁ።"

"ሌሎች ቆመው እየጠበቁ ነው፤ ዳቦህን ያዝ" አለ ሙንተሲር።

ሐሙስ ዕለት ግን መጣ። ስድስት ሳምንት አንዱ ሲወረውር ሌላው ሲያመልጥ ከረሙ። አመል ማወቅ ሌላ፣ መተው ሌላ!

"ግራ ሄድክ!"

"ዝም በል፣ አውቄዋለሁ!"

እየዋለ እያደረ ሙንተሲር አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ፊት ማለትን ተማረ፤ ነዋፍም ሊገምተው አልቻለም። በቀጣዩ ውድድር ቡድኑ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ሲደርስ አስማተኛው ሙንተሲር ነበር።

ከዚያ በኋላ የሙንተሲር እናት ነዋፍን ምሳ ጠሩት። በሩዝና በሥጋ የተሠራውን መቅሉባ ከድስቱ ትሪ ላይ ገለበጡና የሥጋውን ምርጥ ወደ እሱ ገፉለት።

"ብላ ልጄ። የልጄ ዓይን ደኅና መሆኑን የነገርከው አንተ ነህ አሉ። ሐኪሙን እንኳ አላመነም ነበር። አላህ ያንተንም ዓይን ይጠብቅልህ።"

ነዋፍ ሙንተሲርን አየው፤ ውሸቱን ለእናቱ አልነገራቸውም። ሙንተሲር ከሳህኑ ቀና ሳይል ሩዙን ይጎርሳል። ነዋፍ "አሜን፣ እናቴ" አለ። የተገፋለትንም ሥጋ እስከ መጨረሻው በላው።