መቀመጥን ያስተማሩን ሲስተር አስካለ

ሲስተር አስካለ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ዐርፈዋል። የቀብራቸው ዕለት ልደታ ማርያም ግቢ በአራት ቋንቋ ተለቀሰ፤ በመሃል በመሃሉም ይሳቅ ነበር። እሳቸውን ያወቀ ሰው እያለቀሰ ብቻ መቆየት አይሆንለትም። እኔም ተማሪያቸው ነኝና፣ ከሁሉ ይልቅ ያሳቃቸውን ጥፋቴን ጽፌ ላስታውሳቸው።

ጊዜው የደርግ ነው። ሲስተር ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለች ትንሽ ክሊኒክ የአእምሮ ሕሙማን ነርስ ነበሩ። ሐኪሞቹ «አማርኛ በደንብ አይችሉም» እያሉ ኪኒን ብቻ ሰጥተው የሚሸኟቸው ብዙ ሰዎች ነበሩ፤ በተለይ ከጋሞ የመጡት ሸማኔዎች። ሲስተር ይህ አንገበገባቸውና፣ ሰዎቹን ቤታቸው ድረስ ሄደው የሚያነጋግሩ ምክር ሰጪዎች ማሠልጠን ጀመሩ። ኦሮምኛው የእናታቸው ነው፤ ጉራግኛውን ከሰንጋ ተራ ነጋዴዎች፣ ጋሞኛውን ከሸማኔዎቹ ሚስቶች ለቃቅመዋል። «ሰው በገዛ ቋንቋው ካላለቀሰ አይወጣለትም» ይሉ ነበር። ሠልጣኞቹ ሦስት ነበርን። ሁለቱ የተሻለ ሥራ አግኝተው ሄዱ፤ የቀረሁት እኔ፣ ከሁሉም የባስኩት ነኝ።

የመጀመሪያ ቀን ፀጉሬን አበጥሬ፣ ደብተሬን በብብቴ ይዤ፣ እስክሪብቶ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ሸማኔዎቹ ሰፈር ገባሁ። ደጃፍ ላይ ለተቀመጡ አንዲት እናት እጅ ነሥቼ፣ «እዚህ ቤት ስንት ወንዶች አሉ?» አልኩ። ቤተሰቡን ማወቄ ነበር እኮ! የሸማ መሥሪያው ድምፅ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ጎረምሶቹ በጓሮ አጥር እየዘለሉ ጠፉ፤ ለካ ለውትድርና የሚመዘግብ ካድሬ መስያቸዋለሁ። በማግስቱ የሰፈሩ ሽማግሌ ክሊኒኩ ድረስ መጥተው ከሰሱኝ።

ሲስተር ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ አኩራፊ ነኝ፤ ፊቴን አዞርኩ። ደብተሬን ተቀብለው መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበትና፣ «አንተ ጉደኛ፣ ወረቀት ያየ ሰው ልቡን ይዘጋል። ሂድ፣ መጀመሪያ መቀመጥ ተማር» አሉኝ።

የሰደዱኝ ከአቶ ዳና ዘንድ ነው። አቶ ዳና ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሽመናቸውን ትተው፣ መደብ ላይ ተቀምጠው ግድግዳ ያያሉ። ለማንም ቃል አይተነፍሱም፤ እህልም እየተዉ ነበር። ሴት ልጃቸው «አባቴ እያየሁት እያለቀ ነው፣ ድረሱልኝ» ብላ ለምናለች። የሲስተር ትእዛዝ አጭር ነበረች፦ «ጎናቸው ተቀመጥና ክር ቀሰም ላይ አዳውር። ካልጠየቁህ አትናገር።»

ሁለት ሳምንት ክሩን ሸምበቆው ቀሰም ላይ እየጠቀለልኩ አዳወርኩ። እሳቸው ዝም፣ እኔ ዝም። ሰውየው ዓይኔ እያየ እየመነመኑ ነው፤ እኔ ደግሞ ክር እጠቀልላለሁ! ተስፋ ቆረጥኩ። የስንብት ደብዳቤዬን ጽፌ ኪሴ ከተትኩና ለመጨረሻ ቀን ሄጄ ተቀመጥኩ። ክሩ ተወሳሰበብኝ፤ በንዴት ብስበው ተበጠሰ።

አቶ ዳና ከመደቡ ብድግ አሉ። «አምጣው ወዲህ! አንተ ልጅ፣ እሷ የፈተለችው እኮ ነው!»

ክሩን ነጥቀው በጣታቸው ይቀጥሉት ጀመር። እየቀጠሉም ስለ ሚስታቸው አወሩ፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ እንባው ሲመጣ በጋሞኛ። ግማሹ አልገባኝም፤ አብሬያቸው አለቀስኩ። ልጃቸው ምሳ ስታቀርብ እጃቸውን ታጠቡ።

እየሮጥኩ ሄጄ ለሲስተር ነገርኳቸው። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ «ያልገባህን ግማሽ ከነገ ጀምረህ ትማራለህ። አሁን ኪስህ ያለውን ወረቀት ቀደህ ጣልና ና እንብላ» አሉኝ። ስለ ደብዳቤው ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ሲስተር፣ እንዴት እንዳወቁብኝ ሳይነግሩኝ ሄዱ። ያ ወረቀት ተቀደደና ዕድሜዬን በሙሉ በዚህ ሥራ ኖርኩ፤ ደስ ብሎኝ ኖርኩ። በስንብት ላይ ብዙ መናገር አላስተማሩኝም፤ ጥፋቱ የእርስዎ ነው። ዛሬ ዝም ያሉት እርስዎ ነዎት። ግድ የለም፣ ምንም አልጠይቅዎትም። ሰዉ ሁሉ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ እኔ ብቻ መቃብርዎ ጎን ትንሽ ልቀመጥ።