በቤት ጊዮርጊስ አቀበት የያዝነው ሰዓት

አስመራ በኖርኩባቸው ዓመታት፣ በንጉሡ ዘመን፣ አፌን በአማርኛ ስከፍት አጠገቤ ያለ ወሬ ሲቋረጥ ለምጄ ነበር። ከወሎ የመጣሁት ጨርቅ የሚነግደውን አጎቴን በሱቁ ላግዝ ነው። ማደሪያችን ጸጸራት ሰፈር ነበር። ሱቅ ከመክፈታችን በፊት ግን እሮጣለሁ።

አንድ ማለዳ በቤት ጊዮርጊስ አቀበት ላይ አንድ ሰው ቀደመኝና ዞር ብሎ ጠበቀኝ። ጥራቮሎ ሰፈር የሚኖር፣ ማተሚያ ቤት ለኅትመት የእርሳስ ፊደል የሚለቅም ሰው ነበር።

«ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት እየሮጥክ መቼ ልትፈጥን ነው?» አለኝ።

እሱን አሯሯጥ ያስተማረው የቀድሞ ጣሊያናዊ አለቃው ነበር። ከአንዱ የስልክ እንጨት እስከ አምስተኛው ባለ በሌለ ጉልበት መሮጥ፣ እያዘገሙ መመለስ፣ ትንፋሽ በቅጡ ሳይረጋ እንደገና መነሳት፤ ስምንት ጊዜ። እሱ ሲሮጥ ሰዓት እይዛለሁ፣ እኔ ስሮጥ እሱ ይይዛል። ሰከንዱን በትንሽ ደብተር የምጽፈው ግን እኔ ነበርኩ።

እሱ ደብተሩን አይወደውም ነበር። ስጽፍ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ያያል።

«ሌላ ማን ያነበዋል?»

«ማን ያነበዋል? እኔው ነኝ።»

«እወ» ይላል፣ አዎ ማለቱ ነው፤ ግን አላመነኝም። እኔም አላመንኩትም። ወደ ምጽዋ በሚወርደው መንገድ የጦር ማኪናዎች ተሰልፈው ሲያልፉ ሩጫውን ያቆማል፤ እስኪያልቁ ድረስ ዓይኑን አይነቅልም። ትንፋሹን እየሰበሰበ ነው እላለሁ፣ ደግሞ አይደለም እላለሁ።

አጎቴ አንድ ቀን ጨርቅ እያጠፈ፣ «ያንን ሰው ተወው» አለኝ።

«ምን አደረገ ጋሼ?»

«ምንም። ተወው ብያለሁ።»

አልተውኩትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ሱቅ ገብተው ደብተሩን ጠየቁኝ፤ እኔንም ከደብተሩ ጋር ወደ ጸጥታ ቢሮ ወሰዱኝ።

እዚያ አንድ መኮንን ገጾቹን እየገለጠ፣ «የስንት ማኪና ቁጥር ነው ይሄ?» አለ።

«የማኪና አይደለም ጌታዬ። ሰከንድ ነው። ሩጫ ነው።»

«ሰው ተሯሩጦ ተመልሶ እዚያው ይቆማል? ጓደኛህ ትናንት እዚህ ነበር።»

ሳልጠየቅ፣ «ሐሳቡ የእሱ ነው፤ ቦታውንም የመረጠው እሱ ነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ ያልኩት ግን እውነት ስለሆነ አልነበረም።

መኮንኑ ሳቀ። «እሱ ደግሞ ደብተሩ ያንተ ነው አለ። ለኛ የምትጽፍ መስሎት ኖሯል።»

ከዚያ ወደ ግቢው አወጣኝና ከግንብ እስከ ግንብ በሱቅ ጫማዬ አስሮጠኝ። ሰዓቱን ራሱ ያዘ። ስድስተኛው ላይ ስደክም ደብተሩን አይቶ፣ «እዚህም ስድስተኛው ላይ ነው የምትፈዘው» አለ። ስምንቱን ጨርሼ ሳስመልስ ሂድ አለኝ። ደብተሩን አልመለሰልኝም።

አጎቴ ስመለስ የት ነበርክ አላለኝም። ምሳ ብላ አለኝ ብቻ። ይህ ዝምታው ከምርመራው ይልቅ አስጨነቀኝ፤ እስኪሞት ድረስም አስቀድሞ ምን ያውቅ እንደነበር ልጠይቀው አልደፈርኩም።

ጓደኛዬን ከቀናት በኋላ የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘሁት። ዓይን ለዓይን ተያይተን ሁለታችንም የምንሄድበትን መንገድ ያጣን ይመስል ቆምን። ሻሂ ቤት ገባን።

«ቦታውን የመረጥከው አንተ ነህ ብያቸዋለሁ» አልኩት።

«ሓቂ እዩ፣ እውነት ነው፤ እኔ ነኝ የመረጥኩት» አለ። ብርጭቆውን አዞረ። «እኔም ስላንተ ተናግሬያለሁ።»

«ነገሩኝ።»

«አሁንስ ትጽፍላቸዋለህ?»

«ጽፌ አላውቅም። አንተስ ማኪናዎቹን ትቆጥር ነበር?»

«ወንድሜ ከነዚያ ማኪናዎች በአንዱ ተጭኖ ነው የተወሰደው» አለ። «ምናልባት አንድ ቀን መልሰው ያመጡት ይሆን እያልኩ ነው የማየው።»

ማመን ፈለግሁ፤ ግማሹን አመንኩ። በሚቀጥለው እሑድ ጸጸራት ሜዳ ላይ ያለ ሰዓት ሮጥን። እሱ ከፊት መሆን አልወደደም፣ እኔም ከፊት መሆን አልወደድኩም፤ ስለዚህ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን፣ አንዳችን የሌላችንን ትንፋሽ እየሰማን፣ ስምንቱንም ጨረስን።