በቃል የጸና ስሕተት

አባቴ ደብረ ወርቅ ውስጥ የቃል ትምህርት ያስተምራሉ። መጽሐፍ አይገለጥም። ሲመሽ እሳቸው ይነግራሉ፤ ልጆቹ ይቀበላሉ።

በዚህ ክረምት የሰኞውን ምስጋና ጀምረው ከመካከሉ ስተው ወደ ሐሙሱ ምስጋና ተሻገሩ። ታላቁ ተማሪ ቀና ብሎ አየኝ። ልጆቹ የሰሙትን ተቀበሉ። በማግስቱም አባቴ እዚያው ቦታ ላይ ተሻገሩ።

ስለ አንጎል ማንበብ የጀመርኩት ለእሳቸው መላ ፍለጋ ነበር። በስልኬ ያነበብኩት ግን ስለ ልጆቹ አስፈራኝ። አንድ ነገር ሲደጋገም፣ ሁለት የነርቭ ሕዋሳት በሚገናኙበት ቦታ ካልሲየም ወደ ተቀባዩ ሕዋስ ይገባል፤ እዚያ ያለ አንድ ኢንዛይም ይነቃል። ካልሲየሙ ከቀነሰ በኋላም ለጊዜው እንደነቃ ይቆያል፤ መገናኛውን ያጠነክራል። የሚደጋገመው ልክ ይሁን ስሕተት ኢንዛይሙ አይለይም። በአባቴ ጭንቅላት ውስጥ የላላው በልጆቹ ጭንቅላት ውስጥ እየጠበቀ ነበር።

ታላቁን ተማሪ ወንዝ ዳር ልብስ ሲያጥብ አገኘሁት።

«ለብቻ ሰብስበህ አታርማቸውም?» አልኩት።

«የኔታ ተሳስተዋል ልበል? ምላሴን ይቁረጠው!»

«ነገ ሌላ ጉባኤ ቤት ሄደው ሲያሰሙስ?»

«ልጃቸው አንተ፤ ንገራቸዋ! ወይስ ጀግንነትህ ከስልክህ ጋር ብቻ ነው?» ብሎ ሳቀ።

አልነገርኳቸውም።

አንድ አመሻሽ ላይ ዝናቡ አባርቶ፣ ልጆቹ ጎጇቸው ውስጥ ሲከልሱ አባቴ በሩ ላይ ቆመው አዳመጡ። ፊታቸው እንደ ድሮው የነቃ ነበር።

«ምንድን ነው የምትሉት? የሰኞውን ከሐሙሱ ማን ደባለቀባችሁ?»

ከልጆቹ ትንሹ አፉን ሊከፍት ሲል ታላቁ ተማሪ ቀድሞት መሬት ሳመ።

«እኔ ነኝ የኔታ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩህ ለዚህ ነው? ከእንግዲህ ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነግራቸው!» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ እዚህ ተቀምጠህ አልሰማህም?»

«አልሰማሁም አባባ።»

ልብ ብለው አዩኝ። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ቅረቡ። ከሥሩ እንጀምር።»

የመጀመሪያዎቹን ስንኞች አንድ ፊደል ሳያጓድሉ ነገሩ። ድምፃቸው ጽኑ ነበር። መካከሉ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ለአፍታ ቆሙ፤ ታላቁ ተማሪ አንገቱን ደፋ። አባቴ ወደ ሐሙሱ ሲሻገሩ ልጆቹ ቀድመዋቸው እዚያ ደርሰው ነበር።