ባሻ ንስር አልነበረም

ሥራ የጀመርኩት ትምህርት ቤት ለክረምት በተዘጋ ማግስት፣ ጌጃ ሰፈር፣ ጋሽ ታደለ ጋ ነው። ጋሽ ታደለ የሞተ ወፍ ቆዳ ገፍፈው፣ በመድኃኒት አድርቀው፣ በሽቦና በጥጥ ሞልተው በሕይወት ያለ አስመስለው ያቆማሉ።

የመጀመሪያ ቀን የሰጡኝ አቧራ የለበሰ የአንድ ሆቴል ጣዎስ ነበር። ጓንትና ማስክ አስደረጉኝ፤ የድሮ ወፎች ቆዳ መርዝ ይቀባ ስለነበር በባዶ እጅ አይነካም። "ብሩሹን ከራስ ወደ ጭራ! ሽቅብ ከሄድሽ ላባው ይሰበራል" አሉኝ። ጭራ ሳበጥር ዋልኩ። ጓደኛዬ ሜሮን "ጀለሴ፣ የሬሳ ፀጉር ቤት ገባሽ አሉ!" ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ! እኔ ደስ ብሎኛል።

ቀጥሎ ብል የገባበትን ወፍ፣ ብሉ እንዲሞት፣ በፌስታል አስሮ ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት ተማርኩ። አንድ ቀን የጋሽ ታደለ ባለቤት እትዬ አልማዝ ዶሮ መስሏቸው ጉጉት ይዘው ኩሽና ገቡ። ጩኸታቸው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

ከዚያ ባሻ መጣ። ባሻ፣ አብነት ሰፈር ፀጉር የሚያስተካክሉት የጋሽ ወርቁ ግራጫ በቀቀን ነው። ሲሞትባቸው በፎጣ ጠቅልለው አመጡት። "ከመስታወቱ አጠገብ ካልቆመ ሱቁ ባዶ ይሆንብኛል" አሉ።

ጋሽ ታደለ ዕድሜያቸውን ሙሉ ንስርና ጭልፊት ሲያቆሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ባሻንም ክንፉን ዘርግተው፣ ደረቱን ነፍተው አቆሙት። አምሮ ነበር። ጋሽ ወርቁ ሊወስዱት መጥተው ሲያዩት ግን ፊታቸው ጠቆረ።

"ይሄ ማነው?"

"ባሻ ነዋ!" አሉ ጋሽ ታደለ።

"ይሄማ ንስር ነው። ባሻ ሰነፍ ነበር እኮ! እዚሁ ይቅር። ይሄን ባየሁ ቁጥር የራሴ ወፍ ይጠፋብኛል።" ትተውት ሄዱ።

ጋሽ ታደለ አኮረፉ። "የደረቀ ቆዳ መልሶ ማለስለስ ይቻላል። ግን የአንገቱ ቆዳ ስስ ነው፣ ይቀደዳል። ሌላ ባሻ ደግሞ የለም።"

"እኔ ልሞክር?"

"ሞክሪ። እኔ ሰነፍ ወፍ መሥራት አልችልበትም። አንቺ ጠዋት ጠዋት እየተጎተትሽ ስትመጪ አይሻለሁ፣ ታውቂበታለሽ።"

አብነት ሄድኩ። ወንበሩ ላይ ጢሙ በግማሽ የተላጨ ደንበኛ ተቀምጧል። "ጋሽ ወርቁ፣ ባሻ እንዴት ነበር የሚቆመው?" ስላቸው ምላጩን አስቀመጡ። ትከሻቸውን ሰበሰቡ፣ አንድ እግራቸውን አነሱ፣ አንገታቸውን ወደ ግራ አዘንብለው ደንበኛውን በአንድ ዓይን ገላመጡት።

"መጀመሪያ ጢሜን ይጨርሱልኝ፣ ከዚያ ይበራሉ!" አለ ሰውየው። ሁሉንም በስልኬ ቀረጽኩት።

ተመልሼ የባሻን አንገት፣ የክንፉን መገጣጠሚያና እግሩን በእርጥብ ጥጥ ጠቅልዬ በፌስታል ሸፈንኩት። በማግስቱ ቆዳው ለስልሶ ነበር። በስልኬ የቀረጽኩትን እያየሁ ውስጡ ያለውን ሽቦ ቀስ እያልኩ ሳጥፍ አንገቱ ላይ ተርርር ብሎ ተቀደደ። ጋሽ ታደለ ቀጭን መርፌ አቀበሉኝ። ሰፋሁት፤ ላባው ስፌቱን ሸፈነው። እስኪደርቅም በክር አስሬ አቆየሁት።

ጋሽ ወርቁ ተጠርተው መጡ። ባሻን አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው "አንተ፣ ሱቅ ዘግቼ ነው የመጣሁት፤ ተነስ እንሂድ" አሉት። አቅፈውት ወጡ።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ፦ ቢላዋ ከማንሳታችሁ በፊት ወፉ እንዴት ይቆም እንደነበር ባለቤቱን ጠይቁ። ጋሽ ታደለም አሁን ይጠይቃሉ።