ማሽኔ ላይ የተለጠፈው የሲጋራ ማቆሚያ

ዛሬ ጠዋት ሱቄን ሳጸዳ የስፌት ማሽኔ ጠረጴዛ ሥር የሆነ ነገር እጄን ነካኝ... ጎንበስ ብዬ ሳይ አንድ የደረቀ ፕላስተር ተለጥፎ ቀርቷል። የአምናው ነው። ብቻዬን ሳቅሁ።

ለማታውቁኝ፣ ቢቸና ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ልብስ እሰፋለሁ። ሲጋራ የጀመርሁት ሙያውን ስማር ነው፤ ሃያ ዓመት አጭሻለሁ። ባለቤቴ ዓለምነሽ ደግሞ አስም አለባት። ውጭ አጭሼ፣ አፌን ተጉመጥምጬ፣ ሸሚዝ ቀይሬ ብገባም ዋጋ የለውም። አጠገቧ ስተኛ ሽታው ያፍናታል።

አምና ከጥምቀት በኋላ ክፉኛ ታፍና ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ከዚያ ስትመለስ ትራሷንና ብርድ ልብሷን ይዛ ጓዳ መደቡ ላይ መተኛት ጀመረች። አልተጣላንም።

«ጠልቼህ አይደለም፤ መተንፈስ ፈልጌ ነው» አለችኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ አንድ ካርቶን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። ክንድ ላይ የሚለጠፍ የሲጋራ ማቆሚያ ፕላስተር ነው። ዐሥራ አራት ፍሬ፣ የዐሥራ አራት ቀን። ሞጣ ነርስ የሆነው ወንድሟ ባሕር ዳር አስፈልጎ ሲያጣ ከአዲስ አበባ በሰው አስመጣላት። ገንዘቡን ያገኘችው ከወላጆቿ መሬት የደረሳትን አንድ ኩንታል ጤፍ ሸጣ ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ብር ስንት ወር እንደማጨስ በልቤ ማስላት ጀመርሁ... ሱሰኛ እንዲህ ነው የሚያስበው፣ አትፍረዱብኝ።

«ይሄ ካለቀ ሌላ መግዣ የለኝም» አለች።

ወንድሟ ደውሎ አስረዳኝ። «ኒኮቲኑ በቆዳህ በኩል ቀስ እያለ ወደ ሰውነትህ ይገባል። ጠዋት ለጥፈህ እስከ ማግስቱ እንዳታነሳው።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝሁት «ይገባል» የሚለውን ነው። ሲጋራ ባጨስም በጾም ቀልድ አላውቅም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም ሲጋራም አፌ አይደርስም፤ ከዘጠኝ በኋላ ግን የቀረብኝን ሁሉ አካክስ ነበር። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ወደ ሰውነቴ የሚገባ ነገር ለጥፌ ከዋልሁ ምኑን ጾምሁት አልሁ።

ስለዚህ የራሴን ሥርዓት አወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክንዴ ላይ እለጥፈዋለሁ። ማታ ሱቅ ስዘጋ እነቅልና ማሽኑ ጠረጴዛ ሥር እለጥፈዋለሁ። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ያንኑ መልሼ ክንዴ ላይ... አንዱን ለሁለት ቀን ማድረሴ እንደ ቁጠባም ታይቶኝ ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ አልይዝ ሲል በጨርቅ ቁራጭ አሰርሁት። በመርፌ ልጠልፈው ሁሉ ዳድቶኝ ነበር።

ውጤቱን ገምቱ። ማታ ወደ ቤት ስሄድ አንድ አጨሳለሁ፤ አንዳንዴም ሁለት። ዓለምነሽ ሽታውን ታውቀዋለች። የጓዳውን በር ትዘጋለች። እኔ ደግሞ ላገኘሁት ሰው ሁሉ «ይሄ ፕላስተር የሚሉት ነገር ማጭበርበሪያ ነው» እል ነበር። እንዲህ እያልሁ ስድስተኛው ላይ ደረስሁ።

አንድ ቀን የንስሐ አባታችን ቄስ ይታይህ የቀሚሳቸውን እጅጌ ሊያስጠግኑ መጡ። አጠገቤ ቁጭ ብለው እየጠበቁኝ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እጄን ጠረጴዛው ሥር ልኬ ፕላስተሩን ላጥሁና ክንዴ ላይ ማሰር ጀመርሁ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«መድኃኒት ነው፣ አባ። ሲጋራ ማቆሚያ።»

«ለማሽኑ ነው ለአንተ?»

አፍሬ ሁሉንም ነገርኋቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም።

«ጾም ያስገድፋል ያለህ ማነው?»

«ማንም አላለኝም፣ አባ። እኔው ነኝ።»

«እኔ ታዲያ ለምንድን ነው ያለሁት?»

ቀጥለው «ዓለምነሽስ ደኅና ናት?» አሉኝ። ጓዳ እንደምትተኛ ነገርኋቸው። የምጠግንላቸውን እጅጌ እንደያዝሁ እንባዬ መጣ። ቄሱ ዞር ብለው ወደ መንገዱ ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ስማ። አንተ በሽተኛ ነህ፤ ይኸ መድኃኒትህ ነው። ቀኖናህም እሱው ይሁን። ጠዋት ለጥፈህ እስከ ማግስቱ ጠዋት አትነቅለውም። ከነቀልኸው ያን ቀን እንደገደፍህ ቁጠረው።»

በሃያ ዓመት ውስጥ ስለ ሳንባዬ ያልመከረኝ ሰው የለም። ጾም ትገድፋለህ ብለው የመጡብኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ስድስተኛውን እዚያው ጠረጴዛው ሥር መልሼ ተውሁትና የቀሩትን ስምንቱን እንደታዘዝሁት ለጠፍሁ። ተአምር ነው አልላችሁም። ብስጭቱንና ራስ ምታቱን አበረደልኝ፤ ጣቶቼ ግን ኪሴን መፈተሽ አልተዉም። ለእነሱ የሽንብራ ቆሎ ያዝሁላቸው። ከባዱ ስምንቱ ሲያልቁ ነበር። አንድ ቀን ሲጋራ የምገዛበት ሱቅ ደጃፍ ደርሼ፣ ብሩን አውጥቼ፣ ባዶ ክንዴን ስነካው ጤፏ ትዝ አለችኝ። ተመለስሁ።

የፋሲካ ዕለት ዓለምነሽ መጥታ የሸሚዜን ኮሌታ አሸተተች። ወደ ጓዳ ገብታ ትራሷን ይዛ ወጣችና አልጋችን ላይ አስቀመጠችው። እስካሁንም እዚያው ነው።

ዛሬ ያገኘሁትን ፕላስተር ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ወስጄ አሳየኋት። እየሳቀች «ጣለው እንጂ ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ።

አልጣልሁትም፤ ወስጄ እዚያው ማሽኑ ሥር መለስሁት... ለነገሩ ከእኔ ቀድሞ ሲጋራ ያቆመው ማሽኑ ነው።